በስም ይቆጠር

መዝጋቢዋ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኮምፒውተር ግን አትፈራም። ይህን መጀመሪያ ተናግሮ መገላገል ይሻላል፤ ምክንያቱም በኋላ የሆነውን የሰማ ሰው ሁሉ «አይ፣ አዲሱ ነገር አስቸግሯት ነው፤ ባታውቀው ነው» ይላል። ውሸት ነው። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ስላላወቀችው ሳይሆን ጥንቅቅ አድርጋ ስላወቀችው ነው።

የምትሠራው በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ነው። ቢሮዋ ከመጠገኛ ጉድጓዶቹ በላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ ሦስት ግድግዳው መስታወት የሆነ ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ተቀምጣ ቁልቁል ስታይ አሥራ ዘጠኙ መካኒኮች ከአውቶቡስ ሆድ ሥር ሲገቡና ሲወጡ ይታዩዋታል። አውቶቡስ ተበላሽቶ ሲገባ ካርድ ይወጣለታል፤ ካርዱ ላይ የአውቶቡሱ ቁጥር፣ የብልሽቱ ዓይነት፣ ሥራው የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሠራው መካኒክ ስም ይጻፋል። ሥራው ሲያልቅ ካርዱ በግራሶ እጅ ተይዞ ደረጃውን ይወጣና ጠረጴዛዋ ላይ ያርፋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚያን ካርዶች መዝግባለች። በወሩ መጨረሻ ስንት አውቶቡስ ገባ፣ ስንቱ ድኖ ወጣ፣ ስንቱ ቆሞ ቀረ የሚል ሪፖርት ትጽፋለች፤ ሦስት ጊዜ ታነበዋለች፣ በአራተኛው ትፈርማለች። ማን ሠራው ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም።

ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ታላቅ ወንድሟ ነው። መካኒኮቹ «ጋሼ ካምቢዮ» ይሉታል፤ ካምቢዮ ፈትቶ መልሶ መግጠም ያቃተው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ነውና። አባታቸው ሲሞት እሷ ዘጠኝ፣ እሱ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ደብተሩን አጣጥፎ አስቀመጠና እዚሁ ጋራዥ ዕቃ አጣቢ ሆኖ ገብቶ እሷን አስተማረ። መደመርና መቀነስ ያስጠናት በኪሱ ይዞላት በሚመጣው አሮጌ ቡሎን ነው። አሁን ሃምሳ ስምንት ሞልቶታል፤ ለጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሁለቱም ሸብተው እንኳ «ሚጡ» ብሎ መጥራቱን አልተወም። ከእሱ የምታስቀድመው ሰው በዚህ ዓለም የላትም።

ጋራዡ ውስጥ ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ካርድ ማዋስ ይሉታል። አንዱ መካኒክ ታሞ ወይም ሐዘን ወድቆበት ሥራው ሲጓደል፣ ጓደኛው በገዛ እጁ የሠራውን ሥራ ካርድ በዚያ ሰው ስም ይጽፍለታል። ወሩ ባዶ ሆኖ ሰውየው እንዳይባረር ነው። ማን ለማን ስንት እንዳዋሰ የሚጽፍ የለም፤ «መልስልኝ» የሚልም የለም። የድሮው ሥራ አስኪያጅ ነገሩን ያውቅ ነበር፤ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የመዝጋቢዋ ባል እዚሁ መካኒክ ነበር። ሳንባውን ታሞ አሥራ አራት ወር አልጋ ላይ ሲማቅቅ ጋራዡ በሙሉ ካርድ አዋሰው፤ ከሁሉም አብልጦ ያዋሰው ወንድሟ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሲሞትም ሠራተኛ እንደሆነ ሞተ። እሷ ያኔ ካርዶቹን አንድ በአንድ፣ አፏን ዘግታ መዝግባለች። ታዲያ ይህን ልማድ በኋላ እንዴት ረሳችው ትሉኝ ይሆናል። እመጣበታለሁ።

ባሏ በሞተ በዓመቱ የመጣው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሸሚዙ ሁልጊዜ ነጭ የሆነ፣ ጉድጓድ አጠገብ የማይደርስ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበና ሦስት መካኒክ እንደሚቀነስ ነገራቸው።

«ማን እንደሚቀነስ የምወስነው እኔ አይደለሁም» አለ። «ቁጥሩ ነው። ሰው ያዳላል፤ ቁጥር አያዳላም።»

አዲስ የሪፖርት ሶፍትዌር እንደተገዛ፣ የአምስት ዓመት ካርድ በሙሉ እንደሚገባበት፣ መዝጋቢዋም በሁለት ወር ውስጥ ሠልጥና ሥራ እንደምታስጀምረው አከለበት።

«ቁጥሩ ፍሬን መሥራት ይችላል ወይ?» ብሎ ከመካኒኮቹ ቀልደኛው፣ ኤሌትሪሽያኑ፣ ከኋላ ቢጮህ ሁሉም ሳቀ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። የሚቀነሰው እሱ አይደለማ።

የዚያን ቀን ከሥራ ሲወጡ መዝጋቢዋ ወንድሟን በር ላይ ጠብቃ ያዘችው። «ጋሼ፣ እኔስ ይቅርብኝ ልላቸው ነው። የሰው ጉሮሮ የሚዘጋ ነገር በእጄ አልነካም።»

«ተማሪ እንጂ!» አላት ቱታውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ። «አዲስ ሞተር ሲመጣ እኔ ሸሽቼ አውቃለሁ? አንቺ እምቢ ብትይ ሌላ ሰው ያመጣሉ። ያ ሰው ደግሞ እኛን አያውቀንም። ከማያውቀን ሰው የምታውቂን አንቺ ብትይዥው አይሻልም?»

የታላቅ ወንድም ቃል ነውና ተማረች።

አሠልጣኙ ከንፈሩ ላይ ገና ጢም በቅጡ ያልወጣለት፣ ጠባብ ሱሪ የሚለብስ ልጅ ነው። መካኒኮቹ በሁለተኛው ቀን «ክሊክ» ብለው ስም አወጡለት፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣማ። «እዚህ ጋ ክሊክ ያድርጉ ማዘር፣ አሁን ደግሞ እዚህ ጋ ክሊክ።» መጀመሪያ ሳምንት ላይ ማዘር ማለቱ ብቻ ያናድዳት ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ነገሩ ያዛት። ድሮ አንድ ወር ሙሉ ስትደምር ከርማ የምታገኘውን ነገር ይህ ማሽን በዓይን ጥቅሻ ይሰጣታል። ፍሬን ብቻ አሳየኝ ስትለው ፍሬን ብቻ ያሳያታል፤ የዘንድሮን ተውና የአምናን አምጣ ስትለው ያመጣል። ከዝርዝር ውስጥ የማትፈልገውን ስም ለማውጣት ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ምልክት ማንሳት ብቻ ነው። ጎበዙ አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ሰነፉ ቀይ ዓምድ ሆኖ ይቆማል። በስድስተኛው ሳምንት ክሊክ ራሱ ሲሳሳት ታርመው ጀመር። «ማዘር፣ እርስዎ እኮ እኔን ሊያስጥሉኝ ነው!» ይላታል፤ እሷም እንደ ልጅ ትሽኮረመማለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

የአምስት ዓመቱን ካርድ ያስገባችው ግን እሷ አይደለችም። በካርቶን ታጭቆ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደና ሁለት የኮንትራት ጸሐፊዎች መቱት። እነሱ ካርዱ ላይ ያለውን ስም እንጂ ካርዱን የያዘውን እጅ አያውቁም።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ክሊክ ጠየቃት። «ማዘር፣ መካኒኮቹን በምን እንለካቸው? ባዳኑት አውቶቡስ ነው? በሰዓት ነው? ወይስ በየስማቸው ያለውን ካርድ እንቁጠር? ሥራውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው።»

እመጣበታለሁ ያልኩት እዚህ ነው። በዚያን ሰዓት መለማመጃ ብላ ያስገባችው የአንድ ሳምንት ካርድ ፊቷ ላይ ተዘርግቶ ነበር። በዚያ ሳምንት የታመመ የለም፣ ያዘነ የለም፣ ካርድ የተዋሰም የለም። ወንድሟ አንደኛ ሆኖ፣ አረንጓዴው ዓምድ ከሁሉም አናት በላይ ወጥቶ ቆሟል። አየችውና ልቧ ሞቀ። አርባ ሁለት ዓመት ከአውቶቡስ ሥር የኖረ ሰው አንዴ እንኳ ከሰው በላይ ሆኖ ይታይ ብላ ተመኘች። በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን አያይም እንደሚባለው ሆነና ስለ ካርድ ማዋስ ጨርሶ አልመጣላትም።

«በስም ይቆጠር» አለችው።

የመጨረሻው ትምህርት ሪፖርቱ በየሰኞው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካው ራሱን ለሥራ አስኪያጁና ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዲልክ ማድረግ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ክሊክ እርዳታ፣ ብቻዋን አደረገችው። የአምስት ዓመቱ ካርድ ገና እየተመታ ነበር፤ ቅዳሜ አለቀና ገባ። ሦስት ጊዜ ማንበብ፣ በአራተኛው መፈረም የሚባለው የሃያ ስድስት ዓመት ልማዷ ማሽኑ ፊት ትዝ አላላትም። ማሽን ይሳሳታል ወይ?

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ቢሮው ስትገባ ግራፉ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ተዘርግቷል፤ እሷም ገና ማየቷ ነው።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ሥራ ማለት ይሄ ነው!» አለና አንደኛ የወጣውን አረንጓዴ ዓምድ በብዕሩ ነካው። «ይሄ ሰው ማነው? በወር በአማካይ ሠላሳ አንድ ካርድ! የሚጠጋው እንኳ የለም። የት ነው ያለው አሁን?»

ስሙን አነበበችው። «ሞቷል» አለች።

«ወይኔ! ደግ አይበረክትም። ድርጅት የሚያቆመው እንዲህ ያለ ሰው ነው።»

«ባለቤቴ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ደንገጥ አለ። «ነፍስ ይማር። ይኩሩበት» አላት።

በእነዚያ የሠላሳ አንድ ካርድ ወራት ባሏ የሻይ ብርጭቆ በአንድ እጁ ማንሳት ያቅተው ነበር፤ እሷ ነበረች ደግፋ የምታጠጣው። ያንን እያሰበች ዓይኗ ቁልቁል ወረደ። ከታች ሦስት ቀይ ዓምዶች አሉ። የመጨረሻው፣ ከሁሉም ያጠረው፣ የወንድሟ ነው። በወር ስድስት።

«እኚህ ደግሞ ሁሉ ሰው ጋሼ ጋሼ የሚላቸው ሰውዬ ናቸው አይደል?» አለ ሥራ አስኪያጁ። የሁለቱ የአባት ስም አንድ መሆኑን እንኳ ልብ አላለም። «ሲባልላቸው ሰምቼ እኔም ጎበዝ መስለውኝ ነበር። ቁጥሩ ባይመጣ ኖሮ ተሸውደን ልንቀር ነው።»

«ልክ አይደለም» አለች። «ይሄ ቁጥር ልክ አይደለም።»

«የቱ ጋ ነው ስህተቱ?»

ምን ትበለው? ሟቹ አልጋ ላይ ተኝቶ አውቶቡስ ሲጠግን ነበር ትበለው? «ላጣራው፤ ጊዜ ይስጡኝ» ብቻ አለች።

«ያጣሩ። ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ደርሷል፤ ራሱ እንዲልክ ያደረጉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ጠዋት ደውለው አመስግነውኛል። ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ካርቶኖቹ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተመልሰው መለዋወጫ ዕቃ ማከማቻው ውስጥ ተደርድረው ነበር። በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ በኋላ፣ በዕረፍት ቀኗም እየገባች ወለሉ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። የምትፈልገው አውራ ጣት ነበር። ወንድሟ በወጣትነቱ የግራ አውራ ጣቱን ጫፍ ካምቢዮ ወድቆበት አጥቷል፤ ካርድ ሲይዝ የሚተወው የግራሶ አሻራ ግማሽ ብቻ ነው። ስሙ የማንም ይሁን፣ ግማሽ አሻራ ያለበትን ካርድ ሁሉ ወደ አንድ ጎን አስቀመጠች። የኮንትራት ጸሐፊዎቹ ያንን እድፍ መስሏቸው አልፈውታል፤ ማሽኑ ውስጥ አልገባም። በሁለት ሳምንት ጨረሰች። በአምስት ዓመት ውስጥ ግማሽ አሻራ ያለበት ካርድ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ አራት ነው። ከዚያ ውስጥ የወንድሟ ስም ያለበት ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንቱ ብቻ ነው። የቀረው በሌላ ሰው ስም ነው፤ በአሥራ አምስት ሰዎች ስም።

ውጤቱን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራ እሑድ ከሰዓት ቤቱ ሄደች። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የጎረቤት ልብስ ስፌት መኪና ፈታትቶ ዘይት ያጠጣል። ወረቀቱን ተቀብሎ ከዓይኑ አራቀና በዝግታ አነበበው።

«አንድ ሺህ ስድስት መቶ! ለካ ብዙ ሠርቻለሁ!» ብሎ ሳቀ።

«አትሳቅ ጋሼ። ነገ ጠዋት ይዤው እገባለሁ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ እውነቱን ያያል።»

«እውነቱ ምንድን ነው ሚጡ?» ዘይቱን መሬት አስቀመጠ። «እውነቱ እኔ ሺህ ከምናምን ካርድ ላይ የውሸት ስም መጻፌ ነው። አንቺም እያወቅሽ መመዝገብሽ ነው። ኤሌትሪሽያኑ ልጁ ሆስፒታል ስትተኛ ወስዷል፣ በያጁ ሚስቱን የቀበረ ጊዜ ወስዷል። ሁሉም በየተራ ይጠራሉ። ሟቹ ባልሽ እንኳ አይቀርለትም፤ ከመቃብር አውጥተው አጭበርባሪ ይሉታል። እኔን አንዱን ለማትረፍ ጋራዡን በሙሉ ልታስወጪ ነው?»

«አንተስ ዝም ብለህ ልትወጣ ነው?»

«ምን ላድርግ?»

ያን ጊዜ ልቧ ውስጥ ያለውን አወጣችው። «በስም ይቆጠር ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ጠይቆኝ ነበር። በአውቶቡስ ልል እችል ነበር፣ በሰዓት ልል እችል ነበር። አንደኛ ስትወጣ ላይህ ፈልጌ ነው ጋሼ። በገዛ እጄ ነው የጣልኩህ።» እንባዋ መጣ።

የስፌት መኪናዋን መዘውር አንድ ጊዜ አዞረና አቆመው። «በሰዓት ቢሆንም ያው ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰዓቱንም አብሬ ነው ያዋስኩት።» ቀጥሎ ያለው ግን ለእሷም የተነገረ አይመስልም ነበር። «ለእኔ ካርድ ምን ያደርግልኛል እል ነበር። ሥራዬን አውቶቡሱ ያውቀዋል እል ነበር።» ተከፍቶ ነበር። በሕይወቷ ሙሉ ሲከፋው ያየችው ያኔ ብቻ ነው፤ አባታቸው ሲሞት እንኳ እሷ ፊት አላለቀሰም።

ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «በቃ፣ ሆድ ይፍጀው» አላት።

«አንድ ነገር እሺ በለኝ። ከአሁን ወዲያ የሠራኸው ላይ የራስህን ስም ጻፍ። ለእኔ ስትል።»

«እሺ ሚጡ።»

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አልገባችም። ወንድሟ ከልክሏት ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ፤ ሲከለክላት ቀለላት። መስታወት ቢሮዋን፣ አዲሱን ማሽን፣ «ጎበዝ» መባሏን ማጣት አልፈለገችም። ይህን በልቧ ስታገኘው ራሷን ተጸየፈችው፤ ግን ተነሥታ አልሄደችም።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ወጣ። ከወንድሟ ጋር የተቀነሱት ሁለቱ፣ እውነት ለመናገር፣ የለየላቸው ሰነፎች ነበሩ። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ሌላው ካቻቪቴ ፍለጋ ብሎ ሄዶ ከምሳ በፊት አይመለስም። ማሽኑ በሁለቱ ላይ አልተሳሳተም፤ በሦስተኛውም ላይ ሰው ሁሉ ማሽኑን ያመነው በዚህ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች፤ ይህን ማሽን አላዩትም እንጂ። የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ዓርብ ነው ተባለ።

ከረቡዕ ጀምሮ ደረጃውን የሚወጡት ካርዶች ሌላ ሆኑ። ኤሌትሪሽያኑ ባትሪ ቀይሮ ካርዱን አመጣ፤ ስሙን አየችው፤ የወንድሟ ስም ነው። በያጁ የተሰነጠቀ ሻንሲ በይዶ አመጣ፤ የወንድሟ ስም። ከሰዓት በኋላ የመጡት ስምንቱም በእሱ ስም ተጽፈዋል።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?» ብላ ኤሌትሪሽያኑን በሁለተኛው ካርዱ ያዘችው።

«የተጻፈውን አያነቡትም እንዴ እትዬ?» አላት። ቀልደኛው ሰው አልሳቀም። «ልጄ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ያዋሰኝን ነው። ሁላችንም አለብን።»

ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ያየዋል፣ የእነሱ ዓምድ ደግሞ በዚያው ልክ ያጥራል፤ ያንን አላጡትም። አሥራ ስድስቱም እያወቁ ነው የጻፉት። ጊዜው ያለፈበት መሆኑንም ያውቃሉ።

ለማስገባት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሶፍትዌሩ ስም በጣት አያስጽፍም፤ ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ ነው የሚመረጠው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። የባሏ ስም አለ፤ የሞተ ሰው ስም ማውጣት ያስታወሰ የለም። የወንድሟ የለም። ዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤው በወጣ በማግሥቱ አንስቶታል። ከዝርዝሩ ግርጌ «ያልታወቀ» የሚል አለ። ካርዶቹን በሌላ ሰው ስም ማስገባት አቃታት። አንድ በአንድ፣ «ያልታወቀ»፣ «ያልታወቀ» እያለች አስገባች።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ወንድሟ ራሱ ደረጃውን ወጣ። ጉልበቱን ስለሚያመው ካርዱን በሰው ነበር የሚልከው፤ እዚያ ቢሮ ከገባ ዓመት አልፎት ነበር። ሦስት ቀን የፈጀበትን ካምቢዮ ገጥሞ መጨረሱ ነው።

«ይኸው ሚጡ» አለና ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። «ባልኩሽ መሠረት ስሜን ጽፌልሻለሁ።»

ስሙ በትልልቅ ፊደል፣ እንደ ተማሪ ተጠንቅቆ የተጻፈ ነው። ጠርዙ ላይ ግማሹ አውራ ጣት ታትሟል።

«መዝግቢው እስቲ፤ ልየው» አላት። «አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚመስል ልየው።»

ዝርዝሩን መክፈት ፈራች። «አሁን ኔትዎርክ የለም ጋሼ» አለችው። «ሰኞ አስገባዋለሁ።»

«እሺ፣ ሰኞ» አለ። ግንባሯን ሳማትና የብረት ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠ ወረደ። ከላይ ሆና ስታየው መካኒኮቹ በየጉድጓዱ ሥራቸውን አቁመው ቀና ብለው ነበር። ማንም አላጨበጨበም። እሱም የመሣሪያ ሳጥኑን ለበያጁ ሰጠና ባዶ እጁን ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሪፖርቱ ራሱን ላከ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ፤ ሥራ አስኪያጁ ነው።

«ይሄ ከሁሉም በልጦ የቆመው አረንጓዴ ምንድን ነው? ‹ያልታወቀ› የሚለው?»

«ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ካርዶች ናቸው።»

«ሠራተኛ አይደለም ማለት ነው?»

በመስታወቱ ቁልቁል አየች። አሥራ ስድስቱ ከአውቶቡስ ሥር ናቸው። የወንድሟ የነበረው አራተኛው ጉድጓድ ባዶ ነው።

«አይደለም» አለች።

«እንግዲያው ያውጡትና እንደገና ይላኩልኝ። ግራፉን ያበላሻል።»

እንዴት እንደሚወጣ ክሊክን መጥራት አላስፈለጋትም፤ ቀድማ የተማረችው እሱን ነው። ዝርዝሩን ከፈተች። እንደ ድሮው ሦስት ጊዜ አነበበችው። በአራተኛው ምልክቱን አነሳችና ላከችው።